ከቅጽሩ ወዲህ፣ ከቅጽሩ ወዲያ፦ እምነትና ባህል ደንን የጠበቁበት መንገድ

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የደንና የግብርና ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ የባህልና የሃይማኖት እሴቶች ለአካባቢ ጥበቃ ያላቸውን ድርሻ የሚመለከት ነው። በዚህ ርእስ ላይ ንግግር ሲደረግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ስለ ፍጥረት የተጻፉትን ቃላት ከቅዱሳት መጻሕፍት በየተራ ያነባል፤ አባቶቻችን ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተው ይኖሩ እንደነበር ያስታውሳል፤ ወደዚያ እንመለስ ብሎም ይቀመጣል። ጥቅሶቹ እውነት ናቸው፤ ምክሩም በቅን ልቡና የተሰጠ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። በልብ ያለ እምነት ከልብ ወጥቶ መጥረቢያ ያነሣውን እጅ የሚይዘው እንዴት ነው? ዛሬ የምቆየው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ መልሱን በትክክል ካላወቅነው እሴቱን እናድሳለን ብለን ስንነሣ የምናድሰው ንግግሩን ብቻ ይሆናልና።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየውን እናስታውስ። ሜዳውም ኮረብታውም ታርሷል፤ ያልታረሰው የከብት ግጦሽ ነው፤ ዛፍ ከታየም አብዛኛውን ጊዜ በማሳ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ብዙ ሳይራራቁ እንደ ደሴት የተቀመጡ ጥቁር አረንጓዴ ክቦች አሉ። ቀረብ ሲሉ ከዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ይላል። ከቅጽሩ ወዲህ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨትና ብሳና ቆሟል፤ ከቅጽሩ ወዲያ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ ተዘርግቷል። አፈሩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። ሰዉም ያው አንድ ሰው ነው፤ ማሳውን ለማስፋት ዛፉን የመነጠረው ገበሬ በሰንበት ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጸበል ጻዲቅ የሚቀምሰው ምእመን ነው። ዛፉ እዚህ ቆሞ እዚያ ለምን ጠፋ?

እነዚህን ደኖች በጥልቀት ካጠኑት መካከል የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይገኛሉ። በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግቧል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ሀገር በቀል ናቸው። አብዛኞቹ ደኖች ከጥቂት ሄክታር የማይበልጡ መሆናቸውን ስናስብ ቁጥሩ ያስደንቃል። ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባ ግኝት ደግሞ አለ። የብዙዎቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ፈጥኖ ይበቅላል፣ አለዚያም ይጠፋል። ስለዚህ እናት ዛፏ ከተቆረጠች በኋላ መሬቱን አጥረው ቢጠብቁት እንኳ ደኑ ከዚያው አፈር ተነሥቶ አይመለስም፤ ዘሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በዚያ አገር ሌላው ቦታ ማለት ብዙውን ጊዜ ቀጣዩ ደብር ነው። ይህ ማለት አንድ ደብር አጸዱን፣ በቅጽሩ ውስጥ ያለውን ደን፣ ሲያጣ የሚጎዳው ያ ደብር ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ደን ሆኖ ሊመለስ ይችል የነበረው በዙሪያው ያለው ገላጣ መሬት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ታቦቱ ያለው በመሐሉ ነው። ክብሩ ከዚያ ከመሐሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ዛፎቹ የቆሙበት አጸድ የዚህ ክብር የመጨረሻው ዙሪያ ነው። ምእመኑ ደጁን የሚሳለመው ገና ቅጽሩ ላይ ሲደርስ ነው፤ ሕንፃው እስኪደርስ አይጠብቅም። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ዕራቁቱን እንደ ቆመ ሰው ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ ዛፉ የታቦቱ ልብስና ግርማ ነው ማለታቸው ነው። ልብ እንበል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቅዱስ የሆነው ታቦቱ ነው፤ ዛፉ የተረፈው በታቦቱ ጥላ ተጠልሎ ነው። ሰዎች ዛፉን ሳይነኩት የኖሩት ስለ ብዝኀ ሕይወት ተጨንቀው አይደለም፤ ዛፍን ከሌላው ሕዝብ አብልጠው ስለሚወዱም አይደለም። እንዲህ ማለቴ ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ ያደረጉትን ነገር እንደ አደረጉት ለመረዳት ነው።

በልጅነቴ ከብት ጠባቂ ነበርሁ። አንድ ቀን ከማርያም አጸድ ውስጥ የገባች ፍየል ስመልስ የወደቀች የወይራ ቅርንጫፍ አገኘሁና ዱላ ትሆነኛለች ብዬ ይዣት ወጣሁ። ማታ አያቴ አየችና «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ከወደቀበት ያነሣሁት እንጂ አልቆረጥሁትም ብዬ ነገርኋት። «ልጄ፣ የማርያምን ንብረት ደጃችን አታግባብን፤ ወስደህ ካገኘህበት አስቀምጠው» አለችኝ። እየመሸ ስለነበር ፈራሁ፤ አያቴም ነጠላዋን ደርባ አብራኝ ሄደች፤ ቅርንጫፏንም ካነሣሁበት ቦታ መልሼ አስቀመጥሁ። አያቴ ስለ ዛፍ ጥቅም ምንም አላስተማረችኝም፤ ያስተማረችኝ ስለ ድንበር ነው። ድንበሩ የተቆረጠውንና የወደቀውን አይለይም ነበር፤ ልጅ ነው፣ አያውቅም ብሎም አያልፍም ነበር።

ድንበር ብቻውን ግን አይጠብቅም፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በአጸዱ ውስጥ ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩት የአብነት ተማሪዎች፣ ቄሰ ገበዙ፣ መነኮሳቱና ባሕታውያኑ ከነጋ እስከ ማታ እዚያው ያሉ ዓይኖች ናቸው። ከእነርሱ በላይ ደግሞ ግዝቱ አለ። ካህን የገዘተውን መድፈር በጎረቤት ፊት ከመዋረድ አልፎ ከቁርባንና ከፍትሐት የሚያርቅ ነገር ነበር፤ የሚቀበርበትን ቦታ አስቀድሞ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። ከክልከላው ጎን ደግሞ ድርሻ ነበር። ሰንበቴው የሚጠጣው በዚያ ጥላ ሥር ነው፤ ሙታን የሚያርፉት በዚያ አፈር ነው፤ ጸበሉ የሚፈልቀው ብዙ ጊዜ ከዚያው ሥር ነው። ለከበሮ የሚቦረቦረው ዋንዛ፣ ለመቋሚያ የሚሆነው እንጨትና ለሕንፃው እድሳት የሚያስፈልገው ማገር የሚገኘው ከዚያው ነው፤ የሚቆረጠውም ለቤተ ክርስቲያኑ ብቻ፣ በአባቶች ፈቃድ ነው። ድንበሩ፣ ጠባቂው፣ ግዝቱና ድርሻው አንድ ላይ ሲሆኑ ነው እሴቱ እጅ የሚያወጣው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል እሴቱ በቃል ደረጃ እንዳለ ይቀራል፤ ዛፉ ግን ይወድቃል።

ይህን ስል አንድ አካሄድ እንዳይወሰድብኝ አስቀድሜ ልናገር። አሁን አሁን ሃይማኖታዊ ሥርዓታችንን ሁሉ በአካባቢ ጥበቃ መነጽር እየተረጎሙ ጾሙ የሥጋ ፍጆታን ለመቀነስ፣ በዓሉ መሬትን ለማሳረፍ ታስቦ የተሠራ አስመስለው የሚያቀርቡ ጽሑፎች እየበዙ ነው። ጾም የንስሐና የጸሎት መንገድ ነው፤ ለዚያ ተሠራ፣ ለዚያም ይጾማል። ያላሰበውን ዓላማ ስንጭንበት ጾሙንም አናከብረውም፣ የአካባቢ ጥበቃውንም አንጠቅመውም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ሰው በኤደን ገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» መሆኑ በግልጽ ተጽፏል፤ ይህ ቃል በቂያችን ነው፤ ከሱ ሌላ ማስረጃ ለማግኘት ሥርዓቱን ሁሉ መጠምዘዝ አያስፈልገንም። እርግጥ ይህ ቃል በየዓመቱ በሚነበብበት አገር ከቅጽሩ ወዲያ ያለው ደን አልቋል። ለምን ቢባል፣ ቃሉ ለአጸዱ ድንበርና ጠባቂ አግኝቶ ነበር፤ ለተቀረው ምድር ግን አላገኘም።

ደኖቹ ከጥንት እስከ ዛሬ ሳይለወጡ የኖሩ አድርገን ማሰብም ስሕተት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች ተገኝተው ከቅርብ ዓመታት የሳተላይት ምስሎች ጋር ተነጻጽረዋል። የብዙዎቹ ደኖች ስፋት ከ70 ዓመታት በላይ ሳይቀንስ ቆይቷል፤ የአንዳንዶቹ እንዲያውም ጨምሯል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ከጨመረው ውስጥ ድርሻ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ የሀገር በቀሉ ደን ውስጡ በየቦታው ሳስቷል። ከላይ ሲታይ ክቡ እንደ ነበረ ነው፤ ገብቶ ላየው ሰው ግን ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የሚተካ ችግኝ የለም፤ ከብት ረግጦታል፣ በልቶታልም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት፣ ልጅ የማይወለድበት መንደር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደን ሲሞት ድምፅ አያሰማም፤ ክቡ ለአንድ ትውልድ ሙሉ ሳይነካ የቆመ ይመስላል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ከሌላው ሁሉ ጋር የመንግሥት አደረገው። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣውን ፍትሕ የሚክድ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም የየደብሩ ካህናትና መምህራን የሚተዳደሩበት ገቢ በአንድ ጊዜ ስለ ቆመ፣ ለብዙ ደብሮች በእጃቸው የቀረው አጸዱ ብቻ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው፣ ፈጥኖ አድጎ ፈጥኖ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ ወደ ብዙ አጸዶች የገባው በዚህ ችግር መንገድ ጭምር ነው። በዚህ ላይ ከከተማና ከውጭ አገር ከሚኖሩ ተወላጆች በሚላክ ገንዘብ የሚሠሩት ሰፋፊ ሕንፃዎችና በሲሚንቶ የሚታነጹት የመቃብር ሐውልቶች ተጨመሩ። ይህን በብዙ ኀዘን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚላከው በፍቅር ነው። በአሜሪካ ወይም በአረብ አገር ለፍቶ ያገኘውን ለአባቱ መቃብር የላከ ልጅ አጥፊ አይባልም። ነገር ግን ቀድሞ ሙታን በአፈር ተሸፍነው ከጊዜ በኋላ ዛፍ ይበቅልባቸው ነበር፤ ሲሚንቶ በተደፋበት ላይ ግን ምንም አይበቅልም። ለአዲሱ ሕንፃ ሲባልም ሕንፃው ሊያርፍበት የተመረጠው ቦታ አጠገብ ያሉ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ይወድቃሉ። ቅዱስ የሆነው ታቦቱ ነው ብዬ የነበረው ለዚህ ነው፤ ለታቦቱ ክብር ተብሎ የቆመ ዛፍ ለታቦቱ ክብር ተብሎ ሊቆረጥ ይችላል። እሴቱ ያው ነው፤ የከበረ ነገር የምንለው ሲለወጥ ግን የሚሠራው ሥራ ይለወጣል።

ከሃይማኖታዊ ተግባሮቻችን አንዳንዶቹ ራሳቸው በአካባቢው ላይ ጫና እንደሚያሳድሩ መካድም አይገባም። በጥምቀት ማግስት ሜዳው በውኃ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ያየነው ሁላችን ነን። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጤማ የሚታጨደው ከረግረግ መሬት ነው፤ ረግረጉ እየደረቀ በሄደበት አካባቢ ገበያው ፕላስቲክ ቄጤማ ይዞ መጥቷል። በበዓሉ ስም የሚደርሰውን ይህን ጉዳት ማስቀረት የሚችለውም የበዓሉ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ ነው።

ከደቡብ ጎንደር ሳንርቅ፣ በጣና ዳር ወዳለችው ወደ ዘጌ እንሻገር። በዘጌ አፈ ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተከሉትና ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። እርሳቸውም ሕዝቡን፦ መሬቱን ሳታርሱ፣ ከብትም ሳታረቡ ከእነዚህ ተክሎች ብትኖሩ ከአውሬና ከመዓት ትጠበቃላችሁ ብለው ቃል አስገቡት ይባላል። ታሪኩን እንደ እምነት መቀበልም ሆነ እንደ ትውፊት መመልከት ይቻላል፤ የሠራው ሥራ ግን በዓይን ይታያል። በዙሪያዋ ያለው ምድር ሁሉ በበሬ ሲታረስ ዘጌ በደን ውስጥ የምትኖር የቡና ምድር ሆና ቆይታለች፤ ቡናውም የሚያድገው በታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እኔን የሚማርከኝ የክልከላው አቀማመጥ ነው። አትረስ ብሎ ባዶ እጁን አልተወውም፤ ማረሻውን ሲከለክለው ቡናውን ሰጠው። ክልከላና መተዳደሪያ በአንድ ታሪክ፣ በአንድ በትር ውስጥ ተሰጡ። ዛሬ ደን ለመከለል ስንነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናመጣው የበትሩን ግማሽ ብቻ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረን የመንዙ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ደጋ ላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የጓሳ ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብቻ ሳይሆን የብዙ ወንዞች መነሻም ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም ብዙ ነገር ይሆናል። የመንዝ ሰዎች ይህን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት እንደነበር ይነገራል። ባለቤትነቱ ከአስቦና ከጌራ ከሚወርደው ትውልድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአባ ቄራ የሚመሩ ጠባቂዎች ሜዳውን ሣሩ እስኪጎለምስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው ያቆዩታል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉም ያጭዳል፤ ከዚያ ለደረቁ ወራት ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ዳግም ይዘጋል። ክልከላው የሚጸናው በእምነት ነበር፤ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ግን የሣሩ ድርሻ ነው። የ1967ቱ አዋጅ የአጽመ ርስቱን መብት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሁሉም የሁሉም በሆነ ጊዜ ጠባቂ ጠፋ። የመንዝ ሰዎች ግን ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን እንደገና ጀመሩ፤ ዛሬ ቦታው የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ተብሎ ይታወቃል። የጥንቱን ሥርዓት ቃል በቃል አልመለሱትም፤ ሊመልሱትም አይችሉም ነበር። የመለሱት አሠራሩን ነው።

በእስልምና ሕግም ይኸው አሠራር ስም ወጥቶለት ይገኛል። በውኃ ጉድጓድና በምንጭ ዙሪያ ማንም ሊይዘው የማይችለው መሬት ሐሪም ይባላል፤ ለጋራ ጥቅም ተከልሎ የሚጠበቅ የግጦሽ ምድር ደግሞ ሒማ ይባላል። «ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ወይም ዘር ዘርቶ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላለት ምጽዋት ሆኖ ይጻፍለታል» የሚለው የነቢዩ ሐዲስ በብዙዎቻችሁ ዘንድ የታወቀ ነው። ከሱ ባልተናነሰ ልናስታውሰው የሚገባ ግን ስለ ሒማ የተላለፈው ዘገባ ነው። ኸሊፋ ዑመር ኢብን አል-ኸጧብ ሁነይ የተባለውን ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ አስገባው፤ የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን ከብት ግን አታስገባ ብለው አዘዙት። ሁለቱ ባለጠጎች ከብታቸው ቢያልቅ ወደ እርሻቸውና ወደ ተምራቸው ይመለሳሉ፤ ድኻው ግን የሚመለስበት የለውም። ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ከነቢዩ ታላላቅ ባልደረቦች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንደኛው በኋላ ራሳቸው ኸሊፋ ሆነዋል። የተከለለው መሬት ማንን ማስቀደም እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትእዛዝ አላውቅም። በወሎና በባሌ በየደሪሑ፣ በታላላቅ ሼኾች መቃብር፣ ዙሪያ የቆሙትን ዕድሜ ጠገብ ዛፎች ያየ ሰው ይህ ሐሳብ በእኛም ምድር ሥር እንደያዘ ይመለከታል።

ስለ ኮንሶና ስለ ጌዴኦ በአጭሩ ልለፍ፤ ስለ እነርሱ የሚናገሩ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በዚህ አዳራሽ አሉ። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011፣ የጌዴኦ መልክአ ምድር ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ ካብ የያዙት ቁልቁለት ከፖቃላዎቹ፣ ከጎሳ መሪዎቹ፣ ቅዱስ ደኖች ጋር አንድ ሥርዓት ነው፤ በጌዴኦም እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ ከቅዱሳን ቦታዎቹ ሊነጠሉ አይችሉም። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ቅድስናው ከቅጽሩ አልፎ ወደ ማሳው ወርዷል፤ እኛ ሰሜኖቹ ከእነርሱ ልንማረው የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የታላላቅ ሃይማኖቶች ተወካዮች በጣሊያኗ አሲሲ ተሰብስበው ስለ ተፈጥሮ መግለጫ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሐዋርያዊ መልእክት ጻፉ፤ በዚያው ዓመት የሙስሊም ሊቃውንት በኢስታንቡል ስለ አየር ንብረት ለውጥ መግለጫቸውን ሰጡ። እነዚህን አላቃልልም፤ የታላላቆች ቃል ለታናናሾች ብርታት ነውና። በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ ካህናትና ሼኾች ከሕዝቡ ጋር ወጥተው ሲተክሉ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ችግኙ በተተከለ በማግስቱ ማን ነው የሚጠብቀው? ሲያድግ የማን ነው? ከብቱን ያስገባውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? በአጸዱ ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው። በየተራራው በምንተክለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የላቸውም፤ መልስ የሌለው ችግኝ ደግሞ በጋውን አይሻገርም።

ከዚህ ጋር ሳላነሣው የማላልፈው የሴቶች ነገር አለ። ማገዶ የምትለቅመው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ደኑ ሲርቅ መንገዱ የሚረዝምባት እርሷ ናት። ሆኖም ስለ አጸዱ በሚመክረው ሰበካ ጉባኤም ሆነ ስለ ወል መሬቱ በሚወስነው የሽማግሌዎች ሸንጎ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም። ለእኔ የአጸዱን ድንበር ያስተማረችኝ አያቴ ነበረች፤ በሰበካ ጉባኤ ግን አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ክልከላውን ያለ እርሷ ስናወጣ ሸክሙን በእርሷ ጀርባ ላይ እየጨመርን ነው፤ እንዲህ ያለ ክልከላም በጨለማ መጣሱ አይቀርም።

ስለዚህ ምን ይደረግ ለሚለኝ ሰው የማሳየው በደቡብ ጎንደር በየደብሩ የተሠራውን የድንጋይ ካብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር ሲመክሩ፣ መፍትሔው ከብቱን ከደኑ የሚያግድ ካብ መሆኑን ተስማሙ። ድንጋዩ የመጣው በዙሪያው ካለው ማሳ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ከማሳው አውጥቶ ለደብሩ ሰጠ፤ ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም ታጠረ። ካብ በተሠራላቸው ደኖች ውስጥ የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ ካብ ከሌላቸው የበለጠ በዝቶ እንደተገኘ ጥናቶች አሳይተዋል። ሥራው ሲሠራ ግዝት አልታወጀም፤ ዐዋጅም አልወጣም። የጥንቱ ድንበር በድንጋይ ተጻፈ፤ ምእመኑም በገዛ እጁ ስለ ካበው የሱ ሆነ፤ ጠባቂውም እርሱ ራሱ ነው።

በአንዳንዶቹ ደብሮች ደግሞ ካብ የተሠራው ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጥቂት ወጣ ተብሎ፣ ዛፍ የሌለበትን መሬት ጨምሮ ነው። እዚያ ቆሜ አይቻለሁ። በካቡና በደኑ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት፣ ከብት ሳይረግጣት ሁለት ሦስት ክረምት ባለፋት ጊዜ፣ ማንም ያልተከላቸው የወይራና የብሳና ቡቃያዎች ሣሩን ሰንጥቀው ወጥተው ነበር። ዘራቸውን ወፎች ከአጸዱ ይዘውት ወጥተዋል። አብረውኝ የነበሩት ቄሰ ገበዝ ጎንበስ ብለው አንዷን ቡቃያ በጣታቸው ነኩና፣ በሚቀጥለው በጋ ካቡን አሥር እርምጃ ወደ ውጭ ለመግፋት ከማሳው ባለቤት ጋር እየተነጋገሩ መሆኑን ነገሩኝ።